በሹሩባ የተለወጠው ሐሊብ

ሴቶች፣ ዛሬ ጎረቤቴን ዘይነባን የሐሊብ (የሕፃን ዱቄት ወተት) ቆርቆሮ ታቅፋ ስታለቅስ አገኘኋት።

ልዋጭ ግሩፓችን ላይ «ሹሩባ እሠራለሁ፣ ለልጄ ሐሊብ ስጡኝ» ብላ ለጥፋ ነበር። አንዷ እህታችን ከከተማው ሌላ ሰፈር፣ ከአሽራፊዬ፣ ቆርቆሮውን ይዛ እዚህ ሰፈራችን ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ድረስ መጣች። ዘይነባ ስድስት ሰዓት ሙሉ ስትጎነጉናት ዋለች። (ጸጉር አይደለም፣ ያኒ ጫካ ነው!)

ቆርቆሮው ላይ «3» ይላል፤ ዓመት ላለፈው ልጅ ማለት ነው። የዘይነባ ልጅ ገና ሁለት ወሯ ነው።

ለሴትየዋ ደወልኩላት። «ውይ እህቴ! ቁጥሩ ሲበልጥ የሚሻል መስሎኝ እኮ ነው። ማዳሜም የሰጠችኝ እሱን ብቻ ነው» ብላ እሷም አለቀሰች።

ማንን ልቆጣ?

የዘይነባ ጡት ደርቋል። «ለጨቅላ የሚሆነውን ቁጥር 1 ስጡን» ብለን ድጋሚ ለጠፍን፤ የልብ ምልክት ብቻ ይደረደራል።

እናንተስ በልዋጭ እንዲህ የሆናችሁ አላችሁ? ምን አደረጋችሁ? ሕፃኗ እያለቀሰች ነው።