አግብታ ሄዳለች ያልኩበት ጠዋት

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። በየእሑዱ አጠገቤ ቆማ ለምትጸልየው እህቴም አልነገርኳትም። ለእናንተ መናገር የደፈርኩት ስለማታውቁኝ ይሆናል፤ እሱም ራሱ ፈሪነት ነው።

እኔና ማርታ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ነው በደረጃ አራት ነርስነት የተመረቅነው። የሙያ ፈቃዳችንን ስናወጣ ሥራ የሚጠብቀን መስሎን ነበር። ሆስፒታሎቹ ግን ባለ ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ለእኛ ቢጤ ቦታ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያነጠፍን ቆየን። ማርታ እናቷ ከትውልድ መንደሯ ከቱላ የሚልኩላትን ቆጮ አንድ ቀን እንኳ ብቻዋን በልታ አታውቅም።

በመጨረሻ አንድ የግል ሆስፒታል አንዲት ነርስ ፈለገና ሁለታችንም ተፈተንን። እኔ የአንድ ሽማግሌ በሽተኛ ደም ሥር ደጋግሜ ሳትኩ። ማርታ ሽማግሌውን በሲዳምኛ እያጫወተች ባንዴ አገኘችው። አየሁ። ማን እንደሚቀጠር ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ።

ወዲያው እናቷ ታመሙባትና ቱላ ሄደች። ስልኳ ተበላሽቶ ስለነበር ለሆስፒታሉ የሰጠችው የእኔን ቁጥር ነው። ከደወሉ ሰው እንድልክባት አደራ ብላኛለች።

ደወሉ። የነርሶቹ ኃላፊ ማርታ ሥራ እንድትጀምር ፈለገች። እኔ ምን አልኩ?

«አግብታ ሄዳለች። ሥራም አትፈልግም» አልኩ።

አብሬያት የተፈተንኩት መሆኔን ጠይቃ አወቀችና «እንግዲያው አንቺ ነይ» አለችኝ።

ሄድኩ። ማንም አላስገደደኝም። ቱላ እኮ ባሕር ማዶ አይደለም፤ ታክሲ ይዤ ደርሼ መመለስ እችል ነበር።

ማርታ ስትመለስ ነጭ ጋውኔ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አገኘችው። «አንቺን አልጠሩሽም፣ እኔን መረጡ» አልኳት። አቀፈችኝ። «ከሁለታችን አንዳችን ማግኘታችን ይበቃል» አለች። በማግስቱ ማለዳ ጋውኔን ተኩሳ ሰጠችኝ፤ እኔም ለበስኩት። እንዴት አስቻለኝ?

ከዚያ በኋላ ያልሞከረችበት ሆስፒታል የለም። ልምድ አምጪ ይሏታል፤ ልምዱን የወሰድኩባት እኔ ነኝ። ፈቃዷ ሳይታደስ ቀረ። ቱላ ገባች፤ አሁን አቮካዶ ትነግዳለች።

አምና እናቷን ሆስፒታሉ ውስጥ እኔ በምሠራበት ክፍል አስተኛቻቸው። ለጎረቤት አልጋዎቹ ሁሉ እህቴ ናት ብላ አስተዋወቀችኝ። እናቷ እጄን ይዘው መረቁኝ። ግሉኮሱ መውረድ ሲያቆም ማርታ ብድግ አለች፤ ከዚያ ድንገት እጇን ሰበሰበችና አየችኝ።

«ሲስተር፣ ልንካው?»

በስሜ አልጠራችኝም። ንኪው አልኳት። ቱቦውን ቀና አድርጋ መለሰችው፤ ጣቶቿ ምንም አልረሱም። ያን ጊዜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ስለ እናቷ መድኃኒት ነበር።

ድሃ ነበርኩ ልበል? እሷም ድሃ ነበረች። ልጅ ነበርኩ ልበል? እኩያዬ ናት። ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፤ የምትሰጡኝ ነገር አይደለም። ነገ ቱላ ሄጄ እነግራታለሁ ብዬ ልጨርስ አስቤ ነበር። ግን አልጽፈውም፤ ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ።