ትንንሾቹ የስጎ ጠርሙሶች

ሎሬዳና መኪና መንዳት ታስተምራለች። በጣሊያኗ ባርሌታ ከተማ መንጃ ፈቃድ ካለው ሰው ግማሹን አጠገቡ ተቀምጣ ላብ በላብ ያደረገችው እሷ ናት። የማስተማሪያዋ መኪና በእሷም በኩል ፍሬን አላት፤ ተማሪው ሲደናበር እሷ ትረግጣለች። በሕይወቷ ብዙም ደንግጣ የማታውቀው ለዚህ ይመስለኛል። ከባሏ ከሩጄሮ ጋር ከውጭ አገር በጉዲፈቻ ልጅ ለማምጣት ካመለከቱ በኋላ ግን ፍሬኑም ነዳጅ መስጫውም ሌላ ሰው እግር ሥር ገባ። እሷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ «ደረስን?» እያለች መጠየቅ ብቻ ቀራት።

እኔ ቲና እባላለሁ፤ ከቤታቸው ሥር ያለው ፀጉር ቤት የእኔ ነው። ግቢያችን አንድ ነው፣ ምድር ቤታችን አንድ ነው፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ወሬያችንም አንድ ነው። ከሁላችን በላይ የሩጄሮ እናት ዶና ኑንዚያ አሉ። የሚኖሩት ላይኛው ፎቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም በላይ የምላቸው።

ሩጄሮ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ሰውነቱ ግዙፍ፣ ድምፁ ትንሽ። ልጅ አልወለድ ብሏቸው በየሐኪሙ ሲንከራተቱ ከከረሙ በኋላ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ለእናቱ ነገራቸው።

«ማማ፣ ከቡልጋሪያ ልጅ ልናመጣ ነው።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ገና አልታወቀም።»

«ዕድሜውስ?»

«እሱም አልታወቀም።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«አይታወቅም፣ ማማ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የነገርከኝ?» አሉና ፓስታቸውን መጠቅለል ቀጠሉ።

ግን ነገሩ ሆዳቸው ገብቶ ነበር። ጉዲፈቻውን የሚፈቅደው ፍርድ ቤት የላካት ባለሙያ ቤተሰቡን ልታይ ስትመጣ ዶና ኑንዚያ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው ጠበቋት። ወጣቷ ባለሙያ ትሑት ናት፤ ጎንበስ ብላ «የሥጋ ዘመድዎ ያልሆነ የልጅ ልጅ ሲመጣ ምን ይሰማዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ባሌስ መቼ የሥጋ ዘመዴ ነበር?» አሉ ዶና ኑንዚያ። «ይኸው እስኪሞት አበላሁት።»

ባለሙያዋ ሳቋን ለመደበቅ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር ስትፈልግ ቆየች። ፍርድ ቤቱ ብቁ ናችሁ አላቸው። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ ሥራቸው።

መጠበቅ ደግሞ እንደ ሥራ ደመወዝ የለውም እንጂ ድካሙ ያው ነው። ከመንገዱ ማዶ ሽማግሌ የምትጦር ፅቬታንካ የምትባል ቡልጋሪያዊት አለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ ቋንቋ ታስተምራቸው ጀመር። ሎሬዳና ቶሎ ያዘችው። ሩጄሮ የቻለው «ርቦሃል?»፣ «ጥርስህን ታጠብ» እና «አትፍራ» ማለት ብቻ ነው። እሱንም በየሄደበት ይለማመደዋል፤ አንዷ ደንበኛዬ ፀጉሯን እየጠቀለልኩላት «ቲና፣ ያ ሰውዬ ጤነኛ ነው? ፍሪጄን እያባበለ ነው የጠገነው» አለችኝ።

ሰው ደግሞ መጠየቅ ይወዳል። ዳቦ ቤት ስትገባ «ምን ሰማችሁ?»፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «እስካሁን የለም?»። አንድ ተማሪዋ አደባባይ መሐል ላይ መኪናዋን አቁሞ «መምህር፣ ልጁ መጣ እንዴ?» ብሏታል። «አንተ አስቀድመህ ከአደባባዩ ውጣ፤ ከዚያ ይመጣል» አለችው።

የመጀመሪያው ነሐሴ ግን ደስ የሚል ነበር። በነሐሴ የግቢያችን ሰው ሁሉ የዓመቱን ስጎ ይሠራል፤ አዛዣችን ዶና ኑንዚያ ናቸው። ቲማቲሙ በሣጥን በሣጥን ይመጣል፣ በሳፋ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፤ ሩጄሮ ከአሮጌ ፍሪጅ ሞተር በሠራት መፍጫ ይጨመቃል። ከዚያ በሶብላ እየተጨመረበት በጠርሙስ ይሞላና ቆርኪ ይመታለታል። ጠርሙሶቹ እንዳይጋጩ በጨርቅ ተጠቅልለው በርሜል ውስጥ ይፈላሉ። ሰው ሁሉ ድርሻ አለው። ዶና ኑንዚያ የዚያን ዓመት ቡና ቤቱን ለምነው ትንንሽ የጭማቂ ጠርሙሶች አመጡና ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው።

«ይኸ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የልጁ ነዋ። ልጅ በትልቅ ጠርሙስ ይበላል?»

ሎሬዳና እኔ ካልሞላሁ አለች። እየሳቀች፣ እየዘፈነች ሞላቻቸው፤ ከደስታዋ ብዛት ጨዉን ሁለቴ ጨመረችበት። ዶና ኑንዚያ በማንኪያ ጫፍ ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ልጄ፣ የባሕር ውኃ ነው ያሸግሽለት!» አሏት። ያም ሆነ ይህ ትንንሾቹ ጠርሙሶች ምድር ቤት ወርደው ለብቻቸው መደርደሪያ ተሰጣቸው። ማንም እንዳይነካቸው ተባለ፤ ማንም አልነካም።

ልጁም አልመጣም። ሁለተኛው ነሐሴ መጣ፤ ዶና ኑንዚያ እንደገና ሞሉ፤ መደርደሪያው ላይ ሁለተኛ ረድፍ ተጨመረ። በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት ሎሬዳና ለምሳ ስጎ ልታመጣ ወርዳ ሳትመለስ ቀረች። እኔም ፎጣ ልወስድ ስወርድ ትንንሾቹ ጠርሙሶች ፊት ቆማ፣ አቧራቸውን በሽርጧ ስትጠርግ አገኘኋት። ዓይኗ ደም መስሏል። ፎጣዬን ይዤ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ነሐሴ ጠዋት ቲማቲሙ ተራግፎ ዶና ኑንዚያ ትንንሾቹን ጠርሙሶች ሲያወጡ ሎሬዳና እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ ዘንድሮ እነዚህን አይሙሏቸው።»

«ለምን?»

«ለሌለ ሰው ድርሻ አይወጣም።»

«የሌለ አትበይ። አልደረሰም በይ።»

«ምድር ቤት በወረድኩ ቁጥር የመቃብር አበባ የማጠጣ ነው የሚመስለኝ!» ብላ ጮኸች፤ ሎሬዳና ስትጮኽ ያን ቀን ገና ሰማኋት። «አልቻልኩም፤ እባክዎን።»

ዶና ኑንዚያ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አጥበው ሳፋው ውስጥ ዘቅዝቀው ተዉአቸው። ሩጄሮ መፍጫውን አስነሣ። እንዲያ ያለ ሐዘንተኛ ስጎ ሠርተን አናውቅም፤ ቀልድ የለ፣ ሐሜት እንኳ የለ።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው፤ ሎሬዳና ሽርጥ ኪስ ውስጥ። እጇ እስከ ክንዷ ቲማቲም ነው። የሩጄሮም እንደዚያው። የእኔ ትንሽ ስለሚሻል አውጥቼ ድምፁን ከፈትኩት።

«ሎሬዳና? ተቀምጠሻል?» አለች የጉዲፈቻው ድርጅት ሴትዮ። የተማረች ስለሆነች ሁላችን ዶቶሬሳ፣ ዶክተሯ፣ ነው የምንላት።

«ቲማቲም እየጨመቅኩ ነው።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ አለች፤ ዴሲ ትባላለች።»

ሎሬዳና የቲማቲም ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። ሣጥኑ ባዶ አልነበረም።

«ግን አንድ ነገር አለ» አለች ዶቶሬሳ። «ወንድም አላት፤ ካሜን፣ አራት ዓመቱ። አይለያዩም። እናንተ ያሰባችሁት ለአንድ እንደሆነ አውቃለሁ። እስከ ነገ ተነጋገሩበት።»

ሎሬዳና ሩጄሮን አየችው። ሩጄሮ መፍጫውን አየ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ገቢያቸውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጆሯቸው የደከመው ዶና ኑንዚያ «ምንድን ነው የምትለው?» አሉኝ።

«ሁለት ናቸው ትላለች፣ ዶና ኑንዚያ።»

«ሁለት ምን?»

«ሁለት ልጆች! እህትና ወንድም!»

አሮጊቷ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ሳፋው ውስጥ የተዘቀዘቁትን ጠርሙሶች አዩ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ምን ይገትርሃል? እነዚህ ለሁለት አይበቁም። ቡና ቤት ሄደህ ሌላ ጠይቅልኝ!»

ሩጄሮ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ሳይለይለት፣ ከእነሽርጡ በግቢው በር ወጥቶ ሮጠ። ሎሬዳና ከሣጥኑ ተነሣች፤ ቀሚሷ ከኋላ ሌላ ስጎ ሆኗል። አንድ ትንሽ ጠርሙስ አነሣችና መሙላት ጀመረች።

«ሄሎ? ሎሬዳና? እስከ ነገ አስቡበት» ትላለች ዶቶሬሳ።

«አስበናል» አለቻት።

ባልና ሚስቱ መጀመሪያ ቡልጋሪያ ሄደው ልጆቹን ተዋውቀዋቸው፣ የዚያ አገር ፍርድ ቤት ጉዳዩን እስኪጨርስ ትተዋቸው ተመለሱ። ያን ሰሞን መምህር ሎሬዳና ቀይ መብራት ጥሳለች ይባላል፤ እኔ አላየሁም። መጋቢት ላይ ይዘዋቸው መጡ። ካሜን የመጣ ዕለት ሩጄሮ ትከሻ ላይ ወጣ፤ እስካሁን የወረደ አይመስለኝም። ዴሲ ግን ዝምተኛ ናት፤ ሁሉን በዓይኗ ትመዝናለች። ሎሬዳናን የምትጠራት ሎሬዳና ብላ ነው። ለዶና ኑንዚያ ብቻ ቶሎ ተሸነፈች፤ ኖና፣ አያቴ ማለት ነው፣ ትላቸው ጀመር።

በመጀመሪያው እሑድ ዶና ኑንዚያ ምድር ቤት አወረዷት፤ ፅቬታንካ ልታስተረጉም፣ እኔ ደግሞ ወሬ ሊያመልጠኝ ስለማልፈልግ ተከተልናቸው። መደርደሪያውን አሳይተው «የአንቺና የወንድምሽ ነው» አሏት። ዴሲ አቧራ የለበሰውን የኋለኛውን ረድፍ በጣቷ ነካች።

«ይኸ መቼ ተሠራ?»

«እኔ እንጃ፣ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ያኔ አያውቁኝም ነበር።»

«አላውቅሽም ነበር» አሉ ዶና ኑንዚያ። «ግን ትበያለሽ ብዬ አሰብኩ።»

ልጅቷ ከኋለኛው ረድፍ አንዱን ጠርሙስ አውጥታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ይከፈት ሲሏት እምቢ አለች። ሌሎቹ እሑድ እሑድ ተከፈቱ፤ የመጀመሪያውን ዓመት የባሕር ውኃ ዶና ኑንዚያ ከትልቁ ስጎ ጋር እያደባለቁ ጨዉን አበረዱት። ያ አንዱ ግን ዴሲ ጋ ቀረ።

የት እንዳስቀመጠችው ያወቅነው ሐምሌ ላይ ነው። ሎሬዳና ስትጠርግ አልጋው ሥር ያለውን የልጅቷን ሻንጣ ሳበችው፤ ከበዳት። ከቡልጋሪያ ይዛው የመጣችው ልብስ በሙሉ እንደታጠፈ ነው። ጫማዋ አለ። ጠርሙሱ በሹራብ ተጠቅልሎ መሐሉ ላይ ተቀምጧል። ሩጄሮ ሲያይ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ለመሄድ ተዘጋጅታለች» አለ። «አልወደደችንም።»

«እየጠበቀች ነው» አለች ሎሬዳና። «እንመልሳት እንደሆን። እኛ ሦስት ዓመት ጠብቀን የለም? እሷ ገና አራት ወሯ ነው።» ሹራቡን መልሳ ጠቀለለችና ሻንጣውን እንደነበረ ገፋችው። ይህን ስትነግረኝ ፀጉሯን እያጠብኩላት ነበር፤ ያን ቀን ሒሳብ አልተቀበልኳትም።

ነሐሴ ደረሰ። ካሜን በርሜሉ አጠገብ እንዳይደርስ በገመድ ከሩጄሮ ቀበቶ ጋር ታሰረ። ዴሲ በሶብላውን እየቆረጠች በየጠርሙሱ ትጨምር ነበር፤ ዶና ኑንዚያ ደግሞ «ቅጠሉን እንጂ ዛፉን አትክተቺ!» እያሉ ይጮኹባታል። ሎሬዳና ጎን ለጎን ቆማ ቆርኪ ትመታለች። ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ግቢው ውስጥ ተዘርግቶ ፓስታው ሊቀርብ ሲል ዴሲ ጠፋች።

ስትመለስ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛለች። ዶና ኑንዚያ ፊት አስቀመጠችው።

«ኖና፣ ክፈቺው።»

ሎሬዳና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች፤ በመስኮት የልጆቹ ክፍል ቁምሳጥን ሲከፈት ሰማሁ። ቆየት ብላ ወረደች። አጠገቤ ስትቀመጥ «ሻንጣው ባዶ ነው፤ ልብሱን ሁሉ ሰቅላዋለች» ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከችና አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች።

ዶና ኑንዚያ ቆርኪውን ፈልቅቀው አሸተቱ። «ይኸ ከእኔ የበለጠ ዕድሜ አለው፤ ግን እንደ እኔው ደህና ነው» ብለው አሙቀው ልጅቷ ሳህን ላይ ገለበጡት። ዴሲ ጎረሰች። አላመጠች። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ጨው በጨው ነው! ማን ነው የሠራው?»

«እናትሽ ናታ» አሉ ዶና ኑንዚያ።

ዴሲ ማንኪያዋን እንደያዘች ወደ ሎሬዳና ዞረች።

«ማማ፣ ጨው አብዝተሻል» አለቻት፤ ሳህኑን ግን እስኪያልቅ በላችው።