የጣሪያዎቹ ነጠብጣብ

የአርሲ ገበሬ ከየቀዬው እየተነሳ በአዲስ መንደር እንዲሰፍር በተደረገበት ዓመት፣ እኔ አሰላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ የመንገድና የመጋዘን ፕላን መንደፍ ነበር። በበልግ አንድ ቀን አለቃዬ አስጠርቶኝ፣ ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች እንደሚመጡና የአዲሱ መንደር ሞዴል ተሠርቶ እንዲጠብቃቸው መታዘዙን ነገረኝ። መቶ ሃያ ቤት፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክሊኒክ፣ ሁለት የውሃ ቦኖ። ቤቶቹን ከካርቶን እየቆረጥኩ አንድ በአንድ አጣበቅኋቸው። አንዱ ቤት ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም።

ችግሩ ቀለሙ ላይ መጣ። ብሩሽ በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ላይ መስመር እየተወ ያበላሻል። ክፍላችን ውስጥ ግን አንድ ፈረንጅ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልን የሄደው የቀለም መርጫ ነበር፤ እስክሪብቶ የሚያህል፣ መሐሉ ላይ ቀጭን መርፌ ያለው፣ በነፋስ ግፊት ቀለሙን እንደ ጉም የሚያወጣ። በውሃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ ቀለምም አብሮ ነበር። የጎደለን ነፋሱ ነው። ነፋስ ደግሞ አሰላ ውስጥ ያለው ጎሚስታ ቤት ነው።

ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ የሚለጥፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የመሥሪያ ቤታችን መኪኖች ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚነፉት። ቤቶቹን በትሪ ደርድሬ ሄድኩና ለመንኳቸው። መርጫዋን በጣታቸው አገላበጧትና፣

«ይቺ የእናንተ ብዕር የእኔን ነፋስ ትችለዋለች?» አሉኝ።

«ቀነስ ካደረጉልኝ ትችላለች፣ አባባ።»

የኮምፕሬሰሩን ግፊት ቀነሱልኝ፤ ከኋላ ያለውን ጠባብ ክፍልም ለቀቁልኝ። ሁለት ቀን ግድግዳውን ሁሉ ነጭ ቀባሁ። ምንም እንከን አልነበረውም። ከዚያ እሳቸው «አገር ቤት ደርሼ ልምጣ» ብለው፣ ቁልፉን ለረዳታቸው ሰጥተው ለሦስት ቀን ጠፉ። እኔም ሁለቱን ቀን ቢሮ የሞዴሉን መሠረት ስሠራ ቆይቼ በሦስተኛው የጣሪያውን ቀለም ጀመርኩ፤ አዲስ ቆርቆሮ እንዲመስል ነጣ ያለ ግራጫ። እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ሥራው ሁሉ ተበላሸ።

መጀመሪያ ቀለሙ አልወጣ አለ። ወፍሮ ይሆናል ብዬ ውሃ ጨመርኩበት። አሁን ደግሞ በዛና ጣሪያው ላይ እንደ ሸረሪት እግር ተዘረጋ። ጠርጌ እንደገና በጠበጥኩት፤ ወተት እስኪመስል ድረስ ብቻ አቀጠንኩት። መርጫው እያስነጠሰ ይተፋ ጀመር። መርፌውን መዝዤ ሳየው ጫፉ ላይ የደረቀ ቀለም ጠጥሯል። በእርጥብ ጨርቅ አጸዳሁት። ቀለሙን በአሮጌ ስቶኪንጌ አጠለልኩት፤ የአሸዋ ያህል ጓጎል ወጣለት። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ጥሩ ወጣ። እፎይ ብዬ አሥር ጣሪያ ያህል እንደረጨሁ፣ በግራጫው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አየሁ። ጠረግኩ፣ ረጨሁ፤ ተመልሶ መጣ። መርጫውን ፈትቼ አጠብኩ፣ ቀለም ቀየርኩ፤ ያው ነው።

እኩለ ቀን ላይ ሥራውን እንዲቆጣጠር የተመደበው ካድሬ መጣ። ትሪው ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ምንድን ነው ይሄ ቀዩ?»

«አላወቅሁም፣ ጓድ። እየፈለግሁ ነው።»

«በሕዝቡ ቤት ላይ ደም ረጭተሽ፣ አላወቅሁም ትያለሽ?»

በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባል ቃል ነበረች። አንዴ ስምህ ላይ ከተለጠፈች የምትነሳ አይደለችም። ከእኛው ግቢ በእሷ ምክንያት ተጠርቶ ሄዶ ያልተመለሰ የመጋዘን ሠራተኛ አውቃለሁ።

«እስከ አሥር ሰዓት ካልተስተካከለ ለኮሚቴው በጽሑፍ ታስረጃለሽ» አለና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አይሄድም።

ዓይኑ ጀርባዬ ላይ እንዳለ ቆሜ አሰብኩ። ቀለሙን ቀይሬያለሁ። መርጫውን አጥቤያለሁ። ያልነካሁት ነፋሱን ብቻ ነው። የመርጫውን የቀለም ጽዋ ባዶ አደረግሁና ነጭ ወረቀት ላይ ነፋሱን ብቻ ለቀቅሁት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ጢቅ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀይ ነጠብጣብ።

«ይመልከቱ፣ ጓድ» አልኩት። «ቀለም የለበትም። ነፋስ ብቻ ነው።»

ተነስቶ ወረቀቱን ወሰደ። በዚያው ቅጽበት ሽማግሌው ካፖርታቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ እንደሆነ ገቡ። ወረቀቱን ገና ከሩቁ ሲያዩት ገባቸው። ወደ ኮምፕሬሰሩ ሄደው፣ ከበርሜሉ ሥር ያለውን ቡሎን በቁልፍ ፈቱት። የበርሜሉ ዝገት ያቀላው ውሃ እያፏጨ ወለሉ ላይ ተረጨ።

«እሷ ምንም አላጠፋችም» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ነፋስ ሲታመቅ ውሃ ይቋጥራል፤ በዚህ ዝናብ ደግሞ ይብሳል። በየማለዳው መፍሰስ ነበረበት፤ ለረዳቴ ሳልነግረው ሄድኩ። ሦስት ቀን አልፈሰሰም።»

«ለምን አልፈሰሰም?» አለ ካድሬው። ድምፁ ከእኔ ወደ እሳቸው ሲዞር ታወቀኝ። ዝም ቢሉ ብዬ ተመኘሁ።

«አገሬ ጢቾ ነበርኩ። የእህቴን ቤት ስናፈርስ።»

ካድሬው ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ወደ አዲሱ መንደር ልትገባ ነው?»

«ልትገባ ነው።»

«በፈቃዷ ነው፣ አይደለም?»

ሽማግሌው ቡሎኑን በጨርቅ ጠረጉና ቀና ብለው አዩት። «በፈቃዷ ነው» አሉ።

ካድሬው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ማብራሪያሽን ግን በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ» ብሎኝ ወጣ።

ሽማግሌው በቱቦው መሐል ጥጥ የተጠቀጠቀበት ጠርሙስ ገጠሙልኝ፤ የተረፈው ውሃ እዚያ ቀረ። በየግማሽ ሰዓቱ እየመጡ ቡሎኑን ይፈታሉ። እኔ የተበላሹትን ጣሪያዎች በመላጫ ምላጭ ፋቅሁና እንደገና ረጨሁ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ መቶ ሃያው ጣሪያ አለቀ።

ትሪዎቹን ላነሳ ስል፣ ሽማግሌው ከበሩ ላይ ሳይንቀሳቀሱ፣

«የእህቴ የትኛው ነው?» አሉኝ።

የት አውቃለሁ? ካርቶን ነው፤ ስም የለበትም። ግን ከቦኖው አጠገብ የሚቀመጠውን አንዱን በጣቴ አሳየኋቸው። «ይሄ ነው፣ አባባ። ውሃው ቅርቧ ነው።»

«ቆርቆሮ ነው ያደረግሽላት?»

«አዎ።»

«የፈረሰው ሣር ነበር» አሉ። «ሣሩን እንኳ ዝናቡ አበሰበሰው፤ ለአዲሱም አልሆነ። አሁን ከነልጆቿ ሸራ ሥር ነው ያለችው።» ከዚያ ትሪውን ይዘውልኝ እስከ መኪናው ሸኙኝ።

እንግዶቹ በማግሥቱ መጡ። ሞዴሉ ፊት ብዙም አልቆሙም። አንደኛው ትምህርት ቤቱን በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ አድርጎ «ጎበዝ» አለ፤ ለማን እንዳለው አላውቅም።

ለኮሚቴው ማብራሪያውን ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። የሽማግሌው ሦስት ቀን መጥፋት፣ የእህታቸው ቤት፣ ካድሬው የጠየቃቸው፣ ሁሉም በመጀመሪያው ውስጥ ነበረ። የመጨረሻው ሁለት መስመር ብቻ ሆነ፦ በዝናቡ ምክንያት በነፋሱ ውስጥ ውሃ መቋጠሩንና ችግሩ በዕለቱ መወገዱን የሚገልጽ። ካድሬው የሰማውን ቢጨምርበትስ እያልኩ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሆን ብዬ በጎሚስታው በኩል አልፍ ነበር፤ በሩ ተከፍቶ እንደሆነ ለማየት።

ከወር በላይ እንዲህ አለፍኩ። በሩ አንድም ቀን ተዘግቶ አላገኘሁትም። ካድሬው ወደ ሌላ አውራጃ መዛወሩን ስሰማ በቀጥታ ወደ ቢሮ መሄድ ጀመርኩ።