አዋጭ ዘርፍ

ማስተዋል ሥልጠና የሚባል ነገር አንገሽግሿታል። በአካውንቲንግ ከተመረቀች ወዲህ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ያልሠለጠነችው ነገር የለም። የመንግሥት ቅጥር ቆሟል ሲሏት ኮምፒውተር ሠለጠነች። ኮምፒውተርማ አሁን ሁሉም ይችላል ሲሏት የዶሮ እርባታ ሠለጠነች፤ ዶሮ ግን አልሰጧትም። ያገኛት ሁሉ "ገበያው ተለውጧል፣ ራስሽን አዘጋጂ" ይላታል። እንዲህ የሚላት ሰው ደግሞ አንዴ ከተቀመጠባት የቢሮ ወንበር ጡረታ ካልሆነ የሚያስነሣው የለም። እሷ ስትዘጋጅ፣ ገበያው ሲለወጥ፣ ዕድሜዋ ማንንም ሳይጠብቅ ሄደ።

ማስተዋል የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ይህን በከተማው ውስጥ ማንም አያውቅባትም። እናቷ ትርንጎ ከጉና ግርጌ ባለች መንደር ማሰሮና ድስት ትሠራለች። ገበያ ስታወርደው ገዢው ማሰሮውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ድምፁን ይሰማል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል። በዚያው ማሰሮ ጠላ ሲጠመቅ ግን ትርንጎን "ግቢና ቅመሺ" የሚላት የለም። ቡዳ ናት ይሏታላ! የሰው ሕፃን አይታ ፈገግ ካለች ሕፃኑ ይደበቃል። በየድግሱ ድስቷ ጓዳ ይገባል፣ እሷ አጥር ጥግ ትቀራለች። ሆዱን በእሷ ድስት እየሞላ እሷን የሚጸየፍ ሰው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ትርንጎ ልጇን ጭቃ አላስነካቻትም። "የኔ እጅ ይበቃል፤ አንቺ ብዕር ያዢ" ብላ አስተማረቻት። ማስተዋልም ከተማ ገብታ ቤት ስትከራይ "አገርሽ የት ነው?" ላላት ሁሉ "ሐሙሲት" እያለች ኖረች። እናቷን የምታያት መንደር ስትወርድ ብቻ ነው።

የዘንድሮው ሥልጠና "ራስን ለተለዋዋጭ የሥራ ገበያ ማዘጋጀት" የሚል ነበር። አሠልጣኙ ዳኛቸው ይባላል፤ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ድምፀ መልካም፣ ማይክራፎን ሲይዝ ደስ የሚለው ሰው ነው።

"ሥራ አይናቅም!" አለ። "ይህ አገር እኮ እዚሁ ጋፋት ላይ መድፍ የሠራ አገር ነው! ችግራችን አመለካከት ነው። አመለካከታችሁን ቀይሩ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ማስተዋልም አጨበጨበች። የጋፋትን መድፍ የሚያወድስ አፍ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ለጋብቻ ቢጠይቀው ምን እንደሚል አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም አጨበጨበች፤ ሥራ ፈላጊ ምን ያደርጋል?

ከዚያ "አዋጭ ዘርፍ" ተብሎ ሸክላ ቀረበ። ሆቴሎች የሸክላ ዕቃ እየፈለጉ ነው፤ ለሚደራጁ ወጣቶች ሼድም ብድርም ይሰጣል ተባለ። በማኔጅመንት የተመረቀው ሀብታሙ ወዲያው ቡድን አሰባሰበና ወደ ማስተዋል መጣ።

"ሒሳቡን አንቺ ትይዣለሽ። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ደመወዝተኛ ነሽ" አላት።

ከተመረቀች ወዲህ እንዲህ ያላት ሰው የለም።

"ሠሪዎቹስ?" አለች።

"እነሱማ ሞልተዋል። በየመንደራቸው ይሠራሉ፣ እኛ ዕቃውን እንረከባለን። ሼድ ውስጥ ግን ማን ያስገባቸዋል? ዓይናቸውን ታውቂው የለም እንዴ!" ብሎ ሳቀ።

ማስተዋል እሺ አለች። እንዲያውም አብራው ትንሽ ሳቀች። ቤቷ ገብታ ፊቷን ስትታጠብ ያ ሳቅ ከአፏ አልለቅ አላት፤ ራሷን ተጸየፈች።

በመጨረሻው ቀን ዳኛቸው ለተግባር ትምህርት አንዲት ባለሙያ አስመጥቻለሁ አለ። ጭቃዋን በማዳበሪያ ከረጢት አዝላ በበሩ የገባችው ትርንጎ ነበረች። ትርንጎ ልጇን አየቻት፤ ዓይኗ ግን ሳይቆም አልፏት ሄደ፣ ባዶ ወንበር እንዳየ ሰው።

ወለሉ ላይ ጭቃዋን አኖረችና ዙሪያውን እየዞረች ማሰሮ አወጣችበት። ሠልጣኙ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ቀረጻት። "እናታችን! ጥበብ ማለት ይህ ነው!" አለ ዳኛቸው። አሁንም ተጨበጨበ።

ምሳ ሲቀርብ ሠልጣኙ በየጠረጴዛው ትሪ ከበበ። ከማስተዋል ጎን የተቀመጠው ሀብታሙ አስተናጋጇን ጠራና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለሴትዮዋ በሚጣለው ሳህን አድርጊላት። ውጭ ብትበላ ይሻላታል፣ ነፋሻ ነው" አላት። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል፤ ለትርንጎ ገሉም ቀርቶ ፕላስቲክ ደረሳት።

ማስተዋል ዳኛቸውን አየችው። አጠገባቸው ነበር፤ ሰምቷል። እንጀራውን ቆረሰና ወጡን እያመሰገነ መብላት ጀመረ።

ማስተዋል እሱንም፣ ሀብታሙንም፣ የገዛ ራሷንም ጠላች። ተነሥታ ወጣች።

ትርንጎ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ልጇ ስትመጣ አይታ ደነገጠች፤ ከውስጥ እንዲሰማም ጮክ አለች።

"ምነው እሜቴ፣ ምን ፈለጉ? ይግቡ እንጂ፣ ምሳዎ ይቀዘቅዛል!"

የገዛ ልጇን አንቱ አለቻት። አምጣ የወለደቻትን፣ አዝላ ያሳደገቻትን! እዚያ አዳራሽ ውስጥ ካለው ሁሉ የሠለጠነችስ ትርንጎ ናት፤ ልጇ ሥራ እንዳይቀርባት ብላ እናትነቷን መካድ የተማረች። ማስተዋል ከዚህ በላይ የሚያስጠላ ነገር አይታ አታውቅም።

ደረጃው ላይ ከጎኗ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ አጉርሽኝ።"

"አበድሽ እንዴ?" አለች ትርንጎ በሹክሹክታ። "እያዩሽ እኮ ነው!"

"ይዩኝ።"

አፏን ከፍታ ጠበቀች። ትርንጎ እጇን አየችው፤ ብትታጠብም ጭቃው ከጥፍሯ ሥር አልወጣም። መስኮቱን አየች፤ ሀብታሙ ቆሞበታል። ጠቅልላ አጎረሰቻት።

ከውስጥ አንዲት ልጅ "ውይ!" ስትል ተሰማ። ሀብታሙ በመስኮቱ ወደ ውጭ ምራቁን ተፋና ዘጋው።

"እንጀራሽን ገፋሽው" አለች ትርንጎ። "ያን ሁሉ ዘመን የለፋሁበትን! አሁን ምን ልትሆኚ ነው?"

ማስተዋል ጉርሻውን ማላመጧን ቀጠለች። ትርንጎ ተቆጥታ ተቆጥታ አልወጣላትም። እየተቆጣችም ሌላ ጠቀለለች።

"እንኪ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለቻት።