የወርቅነሽ ቢላዋ

ባለፈው ቅዳሜ ለኪራይ ቤቴ ቢላዋ ልገዛ ሚዛን ከተማ ገበያ ወጣሁ። ነጋዴው እጀታቸው ቀይና ሰማያዊ የሆኑ ስስ ቢላዋዎችን ሸራ ላይ ደርድሯል፤ አንዱን ወፍራም ግን በጨርቅ ጠቅልሎ ለብቻው አስቀምጦታል። «እህቴ፣ ይሄን ልስጥሽ ወይስ በሱ ዋጋ ከነዚህ አራት ትመርጫለሽ?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ባዶ እጄን ሄድኩ።

ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት ባደግኩበት በሸኮ ገበያ ሰምቼዋለሁ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ አብረውኝ የነበሩት አባቴና ታላቅ እህቴ ወርቅነሽ ናቸው።

የዝንጅብል ወቅት ነበር። ዝናቡ ሲያባራና መንገዱ ሲደርቅ ነጋዴዎች ዝንጅብሉን ከገበሬ ሰብስበው በግቢያቸው ያስቆርጣሉ፤ ተሰንጥቆ ነው ፀሐይ ላይ የሚሰጣው። ሽታው ከልብስ አልፎ ዳቦው ውስጥ ይገባል። ቆራጮቹ ሴቶች ናቸው። ክፍያው በቆረጡት ልክ ስለሆነ ቢላዋ የሚያዋስ የለም። ቢላዋ ያላት ልጅ ግቢው ትውላለች፤ የሌላት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ብዙዎቹ ከዚያ ወዲያ ወደ ክፍል አይመለሱም። እኔ ግን የምመለስ ይመስለኝ ነበር። ያማረኝ የግቢው ሳቅና የራሴ ባለ ቀይ እጀታ ቢላዋ ነው።

ያን ዓመት ቡናችን ፍሬ አልያዘም፤ ገንዘብ ቸግሮናል። አባዬ አራቱን ስስ ቢላዋዎች በእጁ እያገላበጠ፣ «አንድ ለእናታችሁ፣ ለእናንተ አንዳንድ፣ አንዱ መጠባበቂያ» አለ።

«አባዬ፣ እነዚህ ሳምንት አይቆዩም፤ ይታጠፋሉ» አለች ወርቅነሽ። «ጥሩውን ግዛልኝ። ብቻዬን የሦስት ሰው እቆርጣለሁ።»

ነጋዴው ሳቀ። «ጋሼ፣ ይቺን ልጅ ይተዉልኝ፣ ሱቅ ትነግድልኝ!»

«ሚጡስ?» አለ አባዬ ወደ እኔ እያየ።

«ሚጡ? እሷ ጣቷን ቆርጣ ሌላ ጣጣ ታመጣብናለች!» አለች ወርቅነሽ።

አባዬ ውዱን ገዛ።

ስንመለስ፣ አባዬ ቀደም እስኪል ጠብቄ «ስግብግብ!» አልኳት። «ጥሩ ነገር ላንቺ ብቻ!»

«አዎ፣ ለኔ ብቻ» አለች። ከያዘችው ሸንኮራ ገምሳ ሰጠችኝ። በንዴት አቧራው ላይ ጣልኩት። አንስታ በቀሚሷ ጠራረገችና እያኘከች መንገዷን ቀጠለች።

እህቴ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም፤ ለፈተናው የቀሯት ጥቂት ወራት ናቸው። ሰኞ ጠዋት እሷ ቢላዋውን ጠቅልላ ወደ ግቢው፣ እኔ እንዳኮረፍኩ ወደ ትምህርት ቤት ሄድን። ወቅቱ ሲያልፍ ትመለሳለች ተባለ። በዓመቱ ቡናው ያዘ፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። ከዚያ ተዳረች።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ስፈተን ከክፍላችን ሴቶች የመጣነው ጥቂት ነበርን። የጎደሉት ሁሉ የየራሳቸው ቢላዋ የነበራቸው ናቸው። ቤት ውስጥ ቢላዋው አንድ ከሆነ ቆራጭም አንድ እንደሚሆን፣ ወርቅነሽ ያንን አስባ እንደነበር የገባኝ ያን ቀን ነው። ገባኝ እንጂ ምንም አላልኳትም። ዩኒቨርሲቲ ስገባም፣ ስመረቅም ዝም አልኩ።

ካለፈው ቅዳሜ ገበያ ማግስት ግን ሚኒባስ ይዤ ቴፒ፣ ወርቅነሽ ቤት ሄድኩ። የቀኝ አውራ ጣቷ ከቆረጣ ብዛት አልታጠፍ ብሏል። የተቀቀለ ጎደሬ አቀረበችልኝ።

«ያኔ ለምን እውነቱን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ሳቀች። «እንዴት ብዬ? ብነግርሽ፣ እኔ ብቻ አልማርም ብለሽ እምቢ ትይ ነበራ! አላውቅሽም እንዴ?» ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ይልቅ ብዪ።»

አንገቴን ደፍቼ በላሁ። ያን ጊዜ የነበርኩትን ልጅ ከእሷ ይበልጥ የማውቃት እኔ ነኝ። «ከሁለታችን የምትማረው አንዷ ናት» ብትለኝ ኖሮ፣ «እንግዲያው እኔ ልማር» እል ነበር። ወርቅነሽ ደብተሯን የዘጋችው እምቢ ለምትል እህት ነው። እንዲህ ያለች እህት እንዳልነበረቻት ሳልነግራት ወደ ሚዛን ተመለስኩ።