አምስት ደቂቃ በመታጠቢያ ቤት

ባለፈው ሳምንት በኦንላይን ክፍላችን አንዲት ልጅ ማይኳን መዝጋት ረስታ ከእህቷ ጋር ስለ ድመታቸው የሆድ ቁርጠት ስትጨቃጨቅ ሁላችንም ሰማናት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ጆሮዬ ጋለ፣ እጄም ሳላዘው የራሴን ማይክ ሊዘጋ ሄደ። ማይክ ከፍቶ መርሳት ምን እንደሚያስከትል ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በምንኖርባት በአሜሪካዋ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የሆነው በአስራ አራት ዓመቴ፣ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁላችንም ቤት በገባንበት ጊዜ ነው። አባዬ ከተማው ዳር ኦቤትስ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የማታ ሺፍት ስለሚሠራ ቀን ይተኛል። እማዬ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየዞረች ትንከባከባለች። ለእኔ የቀረልኝ ዝምታ ነበር። ካሜራዬ ጠፍቷል፣ ማይኬ ጠፍቷል፣ እንዳላንጎራጉር ደግሞ «አባትሽ ተኝቷል» ይባላል። አንድ ቀን ፒዛ ላዝ ደውዬ ሰውየው «ሄሎ» ሲለኝ ድምፄ አልወጣ አለ። ሦስት ጊዜ «ሄሎ» ብሎ ዘጋብኝ። ያን ቀን ቅንጬ በላሁ።

መታጠቢያ ቤታችንን ከጎረቤታችን ከሚስ ዶሎሬስ መኝታ ቤት የሚለየው ግድግዳ ስስ ነው። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከወዲያ ማዶ አንድ ዓይነት እምምታ ይሰማል። መጀመሪያ ፍሪጅ መስሎኝ ነበር። ሚስ ዶሎሬስ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እማዬ «እትዬ ዶሎሬስ» ትላቸዋለች፤ በሳምንት ሁለቴም የምስር ሾርባ በእኔ ትልክላቸዋለች። ዕቃ ባዶውን አይመለስም የሚለውን ወግ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ሳህናችን ሁልጊዜ የሚመለሰው የስኳር ድንች ፓይ ይዞ ነው።

አንድ ቀን ሾርባውን በራቸው ላይ አስቀምጬ፣ ማስኬን እንዳጠለቅሁ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጠዋት ጠዋት የሚዘፍኑት ምንድነው?»

ሳቁ። «ዘፈን አይደለም፣ የኔ ልጅ። ቡድሂስት ነኝ እኮ።»

እኔ ቡድሂስት ሲባል የማውቀው ብርቱካናማ ጨርቅ የለበሰ መላጣ ሰውዬ ተራራ ላይ ተቀምጦ ነው። የእግር ኳስ ቡድን ሹራብ የለበሱ፣ ነጠላ ጫማቸውን የሚጎትቱ ሴትዮ ይሆናሉ ብዬ እንዴት ልገምት? የሚሉትን ቃል ደገሙልኝ፦ ናም ምዮሆ ሬንጌ ክዮ። ስለ አንድ ትልቅ ሕግ፣ ስለ ሎተስ የሚባል ጭቃ ውስጥ ስለሚያብብ አበባ አስረዱኝ። «ገባሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። አልገባኝም ነበር።

ግን ቃሉን እዚያው በራቸው ላይ ደገምኩት፤ ድምፄም ከወራት በኋላ ሞልቶ ወጣ። ደነገጥኩ። እሳቸውም አዩኝ መሰለኝ፣ «መሞከር ከፈለግሽ በአምስት ደቂቃ ጀምሪ» አሉኝ። «በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ። ደስ አለሽ፣ አላለሽ፣ ስሜትሽን አትጠይቂው። እኔ ተሳፋሪ የለም ብዬ አውቶቡሴን ሳላስነሳ ቀርቼ አላውቅም።»

ቦታዬ መታጠቢያ ቤቱ ሆነ፤ ግድግዳው እዚያ ነዋ። የአየር ማራገቢያውን አበራለሁ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ የስልኬን ደወል አምስት ደቂቃ ላይ እሞላለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሳቄ አስቸገረኝ። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ጣለኝ። በአምስተኛው ቀን አፌ ቃሉን ሲል ልቤ አልጀብራ ይሠራ ነበር። ከሐበሻ ግሮሰሪ የተሰጠን ካላንደር ጀርባ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ፤ የዘለልኩት ቀን ባዶውን ሲያየኝ ያናድደኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በረዶው ሲመጣ ለመድኩት። ሚስ ዶሎሬስ ከማዶ ሲጀምሩ እከተላለሁ፣ ሲያስላቸው እጠብቃቸዋለሁ። አንድ ጠዋት የሒሳብ መምህሬ ሲጠይቁኝ ማይኬን ከፍቼ መለስኩ። መልሱ ስህተት ነበር። ግን መለስኩ!

ግራ መጋባቴም አብሮ አደገ። በዚያችው በአስራ ሁለት ሰዓት እማዬ ወጥ ቤት ሆና ፕሬየር ላይን ላይ ትገባለች። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ ስለነበር ምእመኑ በየጠዋቱ በአንድ የስልክ መስመር ተገናኝቶ ይጸልያል። ጋሽ ጌታሁን ይመራሉ፣ ሌላው ስታር ስድስት ተጭኖ ድምፁን ዘግቶ ይሰማል፣ ተራው ሲደርስ ከፍቶ ይጸልያል። እማዬ ከወዲያ «ጌታ ሆይ» ስትል እኔ ከወዲህ ግድግዳ እያየሁ ሌላ እላለሁ። እሑድ ደግሞ በዙም ከእሷ ጋር እዘምራለሁ፣ ያውም ከልቤ። ታዲያ ክህደት ነው? ጨዋታ ነው? ለማንስ ነው የምለው?

ጥር ውስጥ አንድ ቀን መኪናው በሙሉ በረዶ ተጋግሮበት አደረ። እማዬ ተራዋ ደርሶ ጸለየች፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች፣ ከዚያ የመኪናውን መስታወት ልትፍቅ ወረደች። ስልኳን ግን መደርደሪያው ላይ ፎጣ ሥር ትታዋለች። ስታር ስድስትንም ረስታዋለች። እኔ ምን አውቄ! ገባሁ፣ ቆለፍኩ፣ ማራገቢያውን አበራሁ፣ ጀመርኩ። ሚስ ዶሎሬስ ከማዶ ነበሩ። ያን ቀን እንዴት እንደወጣልኝ አልነግራችሁም፤ ጥርሴ ውስጥ ሳይቀር ይነዝረኝ ነበር።

ደወሌ ሲጮህ ዝም አልኩ። ከፎጣው ሥር «ሃሌ ሉያ!» የሚል ድምፅ ወጣ።

ገንዳው ውስጥ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «ሃሌ ሉያ! ክብር ለጌታ!» ጋሽ ጌታሁን ናቸው። «ይህቺ የእህት አስቴር ልጅ ናት! ወገኖቼ፣ ሰማችሁ? ልሳን! ልጅቷን ጌታ በልሳን ጎበኛት! መንፈስ በማታውቀው ቋንቋ አናገራት!» አንዲት አሮጊት ስቅስቅ ብለው ሲያለቅሱም ይሰማል። በድምፃቸው አወቅኋቸው፤ እትዬ ዘነበች ናቸው፣ ከመስመሩ ሰዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት።

በሩን ስከፍት እማዬ በረዶ ያረፈበት ኮፍያዋን እንዳደረገች ቆማለች፤ ስልኳን ፍለጋ ተመልሳ ሁሉንም ሰምታለች። ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። «ድምፅዋን መልስልኝ ስለው ነበር» አለች፣ «በየቀኑ፣ በየቀኑ ስለው ነበር።» አቀፈችኝ። ጋሽ ጌታሁን በስልኩ «ቅዳሜ ምስክርነት ትሰጠናለች!» ይላሉ። ምን ልበል? ኮፍያዋ ላይ ያለውን በረዶ አራገፍኩላት።

ሚስ ዶሎሬስ ሃሌ ሉያውን በግድግዳው ሰምተውታል። ስነግራቸው ሳል እስኪያጣድፋቸው ሳቁ። ሲያባራላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ለእናትሽ ንገሪያት። ሾርባዋን እየበላሁ እሷን መሸወድ አልችልም።»

«ከነገርኳት ታስቆመኛለች።»

«ልታስቆምሽ ትችላለች» አሉኝ።

ዓርብ ዕለት እማዬ የኮቪድ ክትባት ተራዋ ደረሰ። ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ መኪናህ ውስጥ እንደተቀመጥክ ወግተውህ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይ ይሉሃል። እማዬ ያለ ሥራ አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። መሄድ አትችልም። እኔም ማምለጥ አልችልም።

«እማ፣ ልሳን አይደለም።»

«ምኑ?»

«ያ ነገር። የሚስ ዶሎሬስ ነው። የቡድሂስት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኅዳር፣ ከታንክስጊቪንግ በዓል።»

«የት?»

«መታጠቢያ ቤት።»

«ሽንት ቤት ውስጥ?!» መሪውን በተወጋው ክንዷ መታችው። «የእኛም ይሁን የእትዬ ዶሎሬስ፣ የማንም ጸሎት ይሁን! ሽንት ቤት ውስጥ ይጸለያል?! እንዲህ ነው ያሳደግሁሽ?» የወጋቻት ነርስ መጥታ መስኮቱን አንኳኳች፤ ደህና ናችሁ ወይ? እማዬ እንባዋ እየወረደ አውራ ጣቷን አሳየቻት።

ከዚያ ዝግ ብላ ጠየቀችኝ። «ምኑን ነው የምትለምኚው? ማንን?»

«ማንንም።»

«ማንንም ሳትለምኚ በየቀኑ በአስራ ሁለት ሰዓት ትነሺያለሽ? እኔ እየለመንኩ እንኳ መነሳት ያቅተኛል!» በመሀረብ ፊቷን ጠረገች። «ድምፅሽ የመጣው በዚህ ነው?»

«እኔ እንጃ እማ። አንቺም ስትጸልዪልኝ ነበር።»

«ግራ አጋባሽኝ እኮ፣ ቤዛ።»

«እኔም ግራ ገብቶኛል።»

ደቂቃችን አልቆ ነርሷ ሂዱ ብላ ስታውለበልብ እማዬ ሞተሩን አላስነሳችም። ከኋላ ጥሩምባ እስኪነፋብን ድረስ ተቀመጥን።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ጋሽ ጌታሁን ስሜን ሲጠሩ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝና ስታር ስድስትን ተጫነች። «ወገኖቼ፣ ያን ቀን የሰማችሁት ልሳን አልነበረም። ልጄ የጎረቤታችንን ጸሎት ስትል ነው። የቡድሂስት ነው። እኔም የሰማሁት ትናንት ነው። ጸልዩልን።» እንደ እማዬ በሰው ፊት ስሟን የምትጠብቅ ሴት የለችም።

ጋሽ ጌታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ… እህት አስቴር… እንጸልይበታለን።»

ያኔ አንድ ማይክ ተከፈተ። «ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው ያለቀስኩት?» እትዬ ዘነበች ናቸው። «ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ታውቃላችሁ። ቀብሩ ላይ እንኳ። ያን ጠዋት ነው የመጣልኝ። አሁን ልመልሰው ወይ?»

ማንም አልመለሰላቸውም።

እማዬ ከዚያ በኋላ አልፈቀደችም፣ አልከለከለችም። «መታጠቢያ ቤቱን ልቀቂ» ብቻ አለችኝ። ወደ ልብስ ቁም ሣጥኑ ገባሁ፤ ግድግዳው ራቀኝ እንጂ አምስት ደቂቃዋ አልቀረችም። ሾርባውም ወደ ሚስ ዶሎሬስ መሄዱን አላቋረጠም፤ ለአንድ ሁለት ሳምንት ግን እማዬ ራሷ አድራሽ ሆነች። በራቸው ላይ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም እስከዛሬ አልነገሩኝም።

አሁን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምነሳበት ቀን አለ፣ የምተኛበትም አለ። እሑድ ከእማዬ ጎን ቆሜ እዘምራለሁ። ቡድሂስት ነሽ ወይ ሲሉኝ አላውቅም እላለሁ፤ ጴንጤ ነሽ ወይ ሲሉኝም አፌ ይያዛል። ድሮ ይህ ነገር የሚያፍሩበት በሽታ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ የለየለት፣ እኔ ብቻ መሀል መንገድ ላይ የቀረሁ። ግን በእምነትም በዕድሜም የበሰሉ ያ ሁሉ ሰዎች ለእትዬ ዘነበች መልስ አጥተው ዝም ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እትዬ ዘነበችም መልስ አልጠበቁም። «እንግዲያው አልመልሰውም» ብለው ማይካቸውን ዘጉ።

እኔም ድምፄን አልመልስም።