«አይዞህ» የተከለከለባት አማካሪ

የሥራ ባልደረቦቿ «እሜቴ አይዞህ» ይሏታል። የሥነ ልቦና አማካሪ ናት። ቁጭ ካለች ወንበሩ ያቃስታል፣ ከተነሣች ወለሉ፤ አፏ ደግሞ ለዚያች ቃል ብቻ የተፈጠረ ይመስላል። ሰው ሲያነጥስ አይዞህ፣ አሳንሰር ሲቆም አይዞህ፤ ማተሚያው ወረቀት ሲያንቀው እንኳ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች «አይዞህ» ትለዋለች። ማተሚያውም እፎይ ብሎ ወረቀቱን ይተፋል ይባላል።

ታዲያ ይህች ሴት አደጋ አይተው እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን የሚያክም ልዩ ሕክምና ልትሠለጥን ገባች። ታካሚው ክፉ ትዝታውን እያሰበ የአማካሪዋን ሁለት ጣቶች በዓይኑ ይከተላል፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። እሷ በየመሃሉ «አሁን ምን አስተዋሉ?» ብላ ጠይቃ ዝም ትላለች። ማባበል የታካሚውን አእምሮ ከሥራው ያናጥበዋልና ክልክል ነው። የብቃት ምስክር ወረቀት የሚገኘው በታካሚው ፈቃድ የተቀረጸ ቪዲዮ አሠልጣኟ ዘንድ ሲያልፍ ነው። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ሁለቱንም በ«አይዞህ»። አሁንም ከወደቀች ሥልጠናው ከሀ ይጀመራል፣ የሕክምና ክፍሏም ለሌላ ይሰጣል።

ቤቷ ውስጥ ልምምድ ጀመረች። ልጇ ከብስክሌት ወድቃ እያለቀሰች ብትመጣ፣ እናት ሆዬ ከንፈሯን ነክሳ፣ «አሁን ምን አስተዋልሽ?» አለቻት።

«ጉልበቴ መላጡን!» ብላ ጮኸች ልጅቷ። «አባዬ! እማዬ ተበላሽታለች!»

«ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ፣» አለ ባሏ ከጓዳ ብቅ ብሎ፣ «ለአንድ ወረቀት ብለሽ ቤቱን ክሊኒክ አደረግሽው እኮ!»

ቀኑ ደረሰ። ታካሚው ፍሬን እምቢ ባለው አውቶቡስ አደጋ ረዳታቸውን ያጡ ሹፌር ናቸው። ካሜራው በርቷል። ሹፌሩ ጣቶቿን እየተከተሉ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ያች ቃል ከሆዷ ተነሥታ ጥርሷን አንኳኳች። ዋጠቻት። እንደገና መጣች፤ እንደገና ዋጠቻት። በዚህ ሁሉ ትግል ጣቶቿ መንገድ ይስቱ ጀመር።

«አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ንጂ፣» አሉ ሹፌሩ። ወዲያው ደርቀው ቀሩ።

«አሁን ምን አስተዋሉ ጋሼ?»

«ረዳቴም… ቁልቁለቱ ላይ ሳለን ‹አይዞህ ጌታው› ይለኝ ነበር። ፊቱ ብቻ ነበር የሚመጣብኝ። ድምፁን ረስቼው ኖሯል።»

ዝም አለች። በዕድሜዋ እንዲህ ዝም ብላ አታውቅም።

በማግስቱ አሠልጣኟ ቪዲዮውን «አይዞሽ» ላይ ሲደርስ አቆሙት። «ይኸው! አሁንም!»

«መምህርት፣ ድምፁ እኮ የወንድ ነው! እሳቸው ናቸው ያሉት።»

መልሰው ሰሙት። እስከ መጨረሻው አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ደንቡ የታካሚውን አፍ አይከለክልም። አልፈሻል።»

ከደስታዋ ብዛት ዘልላ ስትነሣ ወንበሩ በጀርባው ተዘረረ። «አይዞ…» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

«በይው፣» አሉ አሠልጣኟ፣ «እዚህ ካሜራ የለም።»